ለተራራ መንገድ ጉዞ የቱ ይሻላል፦ ጎግል ማፕ ወይስ ኦርጋኒክ ማፕስ?

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ፦ ሁለቱንም ጫኑ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ የስልክ ካርታ መተግበሪያዎች ናቸው። ግን ሥራቸው ይለያያል። ጎግል ማፕን ብቻ ይዞ በተራራ መንገድ ላይ የት እንደሚያድር የሚወስን ሰው ግማሹን መረጃ ሳያይ ነው የወሰነው።

በጎግል ማፕ ጥሩ ጎን ልጀምር። ማደሪያ በመፈለግ ጎግል ማፕን የሚያህል የለም። ፎቶ አለ፣ ስልክ ቁጥር አለ፣ እዚያ ያደሩ ሰዎች የጻፉት አስተያየት አለ። አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን ተዉትና ቀኑን እዩ፤ በሞቃት ወር ያደረ ሰው የጻፈው ሙገሳ በብርድ ወር ለሚሄድ ብዙም አይረባም። እዚያው አስተያየቶቹ ውስጥ መፈለጊያ አለ፤ «ማሞቂያ»፣ «ፓርኪንግ»፣ «መንገዱ» ብላችሁ የአገሩ ሰው በሚጽፍበት ቋንቋ ፈልጉ። ከኮከቡ የበለጠ ይነግራችኋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለመኪና መንገድ ስትጠይቁት ኪሎ ሜትርና ሰዓት ይሰጣችኋል፤ ምን ያህል እንደምትወጡና እንደምትወርዱ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሰው መንገዱን በኪሎ ሜትር ለሁለት ይከፍልና መሃል ላይ ያገኘው ቦታ ያድራል። ሜዳ ላይ ያስኬዳል። ተራራ ላይ ግን ጣጣ አለው።

ሰሜን ህንድ ውስጥ ከማናሊ ወደ ሌህ የሚወስደውን ዝነኛ መንገድ ውሰዱ። ማናሊ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሌህ ደግሞ 3,500 አካባቢ። ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ ሳርቹ የሚባል የድንኳን ማደሪያ አለ። ካርታ ላይ ሲያዩት ለአዳር የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው! ጠዋት 2,000 ሜትር ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ማታ 4,200 ላይ ሊተኛ ነው ማለት ነው፣ ከተኛ። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የእንቅልፍ እጦቱ እዚያ የሚጠበቅ ነገር ነው። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ ይላሉ። በዚህ መንገድ ላይ ኬሎንግ ወይም ጂስፓ ማደር ይሻላል፤ ሁለቱም 3,000 ሜትርና ትንሽ ፈቀቅ ያሉ ናቸው። ሁለተኛው ቀን ይረዝምባችኋል፣ ያውም በጣም። ይርዘም!

ኦርጋኒክ ማፕስ እዚህ ላይ ነው የሚክሰው። በ2021 የወጣ ነው፤ ካርታውን የሚወስደው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። የከፍታ መስመሮቹን ስታበሩ ተራራው ይገለጥላችኋል፦ መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገደል ወይም ከባድ ዳገት ነው፣ ከተራራቁ ረጋ ያለ ቦታ ነው። አንዳንድ መንደሮችና የተራራ ማለፊያዎች ላይ የሜትሩንም ቁጥር ታገኛላችሁ። ማስታወቂያ የለውም፣ አይከታተላችሁም፣ ካርታው አንዴ ከወረደ ፍለጋውም አቅጣጫውም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጎግል ማፕም ኦፍላይን ይሠራል፣ ግን ለመኪና ብቻ፤ ከማደሪያችሁ በእግር ወጣ ብላችሁ አንድ ፏፏቴ ልታዩ ብትፈልጉ ኔትወርክ በሌለበት አያወጣችሁም።

ድክመቱም አለ። የትራፊክ መረጃ የለውም፣ ፎቶና አስተያየት የለውም፣ የቦታ ስም ትንሽ አዛብታችሁ ከጻፋችሁም ፍለጋው ይለግማል። በጎ ፈቃደኛ ባልበዛበት አካባቢ ማደሪያው ስም ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

አሁን ወደ ቁልቁለት። ረጅም ቁልቁለት የቀኑ መጨረሻ ላይ ሲመጣ አልወድም። ሹፌር ደክሟል፣ ፀሐይዋም ሸለቆ ውስጥ ገና በጊዜ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። የደከመ ሰው ደግሞ በከባድ ማርሽ መውረዱን ትቶ ፍሬን ላይ ይተኛል፤ ፍሬኑ ሲግል የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ከዚያ ፔዳሉ እስከ ወለል ቢረገጥም መኪናው አይያዝም። ስለዚህ የከፍታ መስመሮቹን አይታችሁ ቁልቁለቱን ለጠዋት አስቀሩት። አናቱ ከ2,500 ሜትር በታች ከሆነ እዚያው እደሩና ጠዋት ውረዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ለእንቅልፍ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚሻል ከሰዓት በኋላ በጊዜ መውረድ ነው።

የሚዘጉ መንገዶችም አሉ። ጣሊያን ያለው የስቴልቪዮ መንገድ 2,757 ሜትር ድረስ ይወጣል፣ በአንዱ ጎኑ ብቻ 48 ጠመዝማዛ መታጠፊያ አለው፣ በበረዶ ወራት ደግሞ ይዘጋል። በበረዶ ወቅት ቁጭ ብላችሁ ለሞቃቱ ወር ካቀዳችሁ ጎግል ማፕ ዛሬ ዝግ ስለሆነ ዞራችሁ ሂዱ ሊላችሁ ይችላል። ኦርጋኒክ ማፕስ በተቃራኒው የተዘጋውን ሳያውቅ ቀጥታ ሊመራችሁ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለቱንም አልምንም፤ የአካባቢውን የመንገድ መሥሪያ ቤት ገጽ ማየት ግድ ነው።

ሰዓት ላይም እንደዚያው። የሚሰጧችሁ የመንዳት ሰዓት ነው። ፎቶ ለማንሳት፣ ለሽንት፣ ከጭነት መኪና ጀርባ ለመንፏቀቅ የሚሄደው የለበትም። እኔ ሲሶ እጨምርበታለሁ።

አብሮ ለመጠቀም ቀላሉ መንገድ ይኸው፦ ማደሪያዎቹን በጎግል ማይ ማፕስ (የራስን ካርታ መሥሪያ የጎግል ገጽ) ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፋይሉን በኬኤምኤል (KML፣ የካርታ ምልክቶች የሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት) አውጡት፣ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ክፈቱት። ምልክቶቹ እንዳሉ ይመጣሉ። ከዚያ ከፍታቸውን አንድ በአንድ እያያችሁ የማይሆነውን ጣሉ። ካርታዎቹንም ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ አውርዱና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው አዳር እስከ ሁለተኛው መንገድ አውጣ በሉት። ካላወጣ ያልወረደ ክፍል አለ።