የጉግል ማፕ የትራፊክ ቀለም በሰሜን ሸዋ መንገድ፦ የት ይታመናል፣ የት ያሳስታል?

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አልፎ ደብረ ብርሃን የሚገባው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መስመር ጉግል ማፕ አረንጓዴ ካሳየ በቀን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ማመን ይቻላል። ጣርማ በርን አልፈው ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን ያው አረንጓዴ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ከታጠፉ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ቀለሙ ራሱ አይኖርም። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ይጠቅማልም። ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ያላወቀ ሹፌር ግን መሳሳት በማይገባው ቦታ ላይ ይሳሳታል።

ቀለሙ የሚመጣው ከተጓዡ ስልክ ነው። መንገድ ዳር ለዚህ ተብሎ የተተከለ ካሜራ፣ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ መቁጠሪያ የለም። ሎኬሽኑና ዳታው በርቶ ጉግል ማፕ የሚሠራበት ስልክ ያለበትን ቦታና የሚሄድበትን ፍጥነት ይልካል። ሲስተሙ የብዙ ስልኮችን ፍጥነት ሰብስቦ መንገዱ ነጻ በሚሆንበት ጊዜ ከሚነዳበት ፍጥነት ጋር ያስተያያል። ከተቀራረበ አረንጓዴ፣ ቀነስ ካለ ብርቱካናማ፣ ከተጨናነቀ ቀይ፣ ሊቆም ከደረሰ ጥቁር ቀይ ይሆናል። ጉግል ከስልክ መሰብሰብ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሞን ቬከርት የተባለ አርቲስት 99 ስልክ በትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ውስጥ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ሲጎትት ካርታው ያንን ጎዳና ቀይ አደረገው። ሲስተሙ የሚያየው ስልኩን እንጂ መንገዱን አይደለም።

በሰሜን ሸዋ ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው መንገድ ሲዘጋ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ ሁለቱንም አቅጣጫ ዘጋ እንበል። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ቀይ ሆነው ይታያሉ። ከተገለበጠው መኪና ወዲያ ያለው መንገድ ግን ባዶ ነው፤ የሚያልፍ ስልክ የለም። ያኔ ካርታው ወይ ቀለም ያጣል፣ ወይ በዚያ ሰዓት በተለመደው ፍጥነት ይሞላና አረንጓዴ ያሳያል። ስለዚህ ከቀዩ ቀጥሎ የሚታየው አረንጓዴ "ተለቋል" ብቻ ሳይሆን "ማንም አላለፈም" ማለትም ሊሆን ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ካርታውን በሁለት ጣት አስፍተው ሁለቱ አቅጣጫዎች ለየብቻ እስኪታዩ ያቅርቡ። ቀዩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ዳገት የሚጎትት ከባድ መኪና ወይም የመንገድ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚወርደውም ከታች የሚወጣውም መስመር ቀልቶ ሁለቱም ቀዮች አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ግን መንገዱ መዘጋቱን ይጠርጥሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆመው ደብረ ሲና ያለ ሰው ጋ መደወል ይሻላል፤ ዳገቱ ላይ ከደረሱ በኋላ መዞሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ ናት። ይህ ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ስለሚወጣ የመድረሻ ሰዓቱ ግምት ለጫነ መኪና አይሠራም። መተግበሪያው ለጭነት መኪና የተለየ ስሌት ስለሌለው የሚሰጠው ሰዓት የቤት መኪና ሰዓት ነው። የጫነ ሲኖትራክ የሚነዳ ሰው የራሱን የቀድሞ ጉዞ በየከተማው ከፋፍሎ ቢይዝ የበለጠ ይጠቅመዋል። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣርማ በር ላይ የቆፈረው ዋሻ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ውስጡ የሳተላይት ምልክት ስለማይገባ ቀስቷ ትቆማለች፣ ወይም ሲወጡ ዘላ ሌላ ቦታ ትገኛለች። አይደንግጡ፣ ትንሽ ሄደው ትስተካከላለች። ጭጋጉን ካርታው አያውቀውም። መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ ብቻ በተዘዋዋሪ ያሳየዋል፤ ሌሊት ጥቂት መኪና ሲኖር ያንንም አያሳይም።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ችግሩ ሌላ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ፣ ጋሪና ዶልፊን አብረው ይሄዳሉ። ከበርሊኑ ነገር በኋላ ጉግል መኪናን ከሞተር ሳይክል መለየት የጀመረባቸውን አገሮች ሲጠቅስ ሕንድን፣ ኢንዶኔዥያንና ግብፅን አንስቷል፤ ኢትዮጵያን አላነሳም። እየቆመ ተሳፋሪ የሚያነሳ ባጃጅ መንገዱን ብርቱካናማ ቢያደርገው አይግረምዎ። በመናኸሪያ አካባቢ ያለውን ቀይም በጥንቃቄ ይዩት።

የገበያ ቀን ሲሆን ግን ቀለሙ ጎበዝ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ሲኬድ የምትገኘው ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው፤ እንዲህ ያለው በየሳምንቱ የሚደጋገም መጨናነቅ በኮምፒውተር ሲከፈት በሚገኘው "የተለመደ ትራፊክ" በሚለው ምርጫ ይታያል። ቀኑንና ሰዓቱን ይመርጣሉ፣ ካርታው የዚያን ሰዓት ልማድ ያሳያል። ይህ ምርጫ ስልክ ላይ ስለሌለ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለጉዞ ማቀጃ ከቀጥታው ቀለም ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢውን ካርታ በዋይፋይ ያውርዱ፦ የፕሮፋይል ምስልዎን ነክተው ከኦፍላይን ካርታዎች ውስጥ የራስዎን ካርታ መምረጥ፣ ከዚያ ሳጥኑን ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ ዘርግቶ ማውረድ ነው። ሳጥኑ በጣም ትልቅ ነው ካለዎ በሁለት ይክፈሉት። የወረደው ካርታ ኔትወርክ ሲጠፋ መንገዱን ይመራዎታል፣ የትራፊክ ቀለም ግን አይሰጥም። ኔትወርክ በሌለበት ስክሪኑ ላይ ቀርቶ የሚታይ ቀለም ካለ የቆየ ሊሆን ስለሚችል ወደ ከተማ ሲቃረቡ እስኪታደስ ይጠብቁ። ቀለሙ የሚበራው ከካርታው ጥግ ላይ ካለችው የተደራረበች ምልክት ውስጥ ነው። የሳተላይት ምስሉን ከዘጉ የሚፈጀው ዳታ ጥቂት ነው። ባትሪው ግን ቶሎ ስለሚያልቅ የመኪና ቻርጀር ይያዙ።

ሽፋኑ የሚሰፋው ተጓዡ ራሱ ሲያሰፋው ነው። ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ያሉ ተሳፋሪዎች ስልካቸው ላይ ሎኬሽንና ዳታ ቢያበሩ ለዚያ መንገድ ከምንም የተሻለ መረጃ ይሆናል። አሰሳው በርቶ እያለ ደግሞ የሪፖርት ምልክቷን ነክቶ አደጋ፣ መጨናነቅ፣ የመንገድ ሥራ፣ የተበላሸ መኪና ወይም መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ብሎ መላክ ይቻላል። በክረምት ዳገት ላይ የተናደ ድንጋይ የሚገባው በመጨረሻው ስር ነው። ከኋላ የሚመጣውን ሰው መተግበሪያው "አሁንም አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው ካልመለሰ ሪፖርቱ ይጠፋልና ቢያልፉትም መልሱን ይስጡ። ይህን የሚያደርገው ረዳቱ ወይም ጋቢና የተቀመጠው ሰው ይሁን፤ እየነዱ ስልክ መያዝ በሕግ ክልክል ነው።

የከተማ አስተዳደሮችም ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። ጉግል በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ዌዝ የተባለ የመንገድ መሪ መተግበሪያ ለከተሞች በነጻ የሚሰጠው የመረጃ ልውውጥ ፕሮግራም አለው፤ ከተማው የሚዘጋውን መንገድ ይነግራል፣ በምላሹ ከሹፌሮች የተሰበሰበ መረጃ ያገኛል። የሚፈለገው መነሻ ነጥብ፣ መድረሻ ነጥብ፣ አቅጣጫ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከሰዓቱና ከቀኑ ነው። ጥር 10 ለከተራ ታቦት ሲወርድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የሚዘጋ መንገድ የሚሞላው ጃንዋሪ 18፣ 14:00 ተብሎ ነው፤ ጳጉሜን 6 ከነበረበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ጥር ደግሞ ጃንዋሪ 19 ይሆናል። "8:00" ብሎ የተጻፈ ቅጽ መንገዱን የሚዘጋው ጧት 2 ሰዓት ላይ ነው።