ትንሿ ኪትና ትልቁ ሳብዉፈር፦ ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ በከበሮ ፈትኜ

ቸኩሎ መልሱን ብቻ ለሚፈልግ፦ ትንሿን ኪት (ራስ የሚገጥሙት የስፒከር ዕቃ ናት) ግዙ፣ አትቆጩም። ሳብዉፈሩን፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ትልቅ ስፒከር፣ ግን የምታስቀምጡበትን ክፍል ሳትለኩ እንዳትገዙ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ረዘም ይላል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤዝመንታችን 5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። ቲቪ፣ አንድ ሶፋና የልጆች ኮተት ሞልቶበታል። ልጆቹ ሲተኙ እዚያ ወርጄ ስፒከር እሠራለሁ። እንግዳ መጥቶ ስፒከሮቹን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «ባለቤትሽ እጁ ወርቅ ነው!» ነው። ባለቤቴ ካቻቢቴው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም።

ትንሿ ኪት ኦቨርናይት ሴንሴሽን ትባላለች። የነደፋት ፖል ካርሞዲ ነው። ሰውየው የስፒከር ንድፎቹን ለማንም በነጻ የሚለቅ ነው። ስለዚህ እንጨት መቁረጫ ማሽን ያለው ሰው ንድፉን አውርዶ ዕቃውን ብቻ ለየብቻ ሊገዛ ይችላል። እኔ ማሽኑም ቦታውም ስለሌለኝ ኦሃዮ ካለው ፓርትስ ኤክስፕረስ የተቆረጠውን ሳጥን ጨምሬ አዘዝሁ። በገዛሁበት ጊዜ ጥንዱ ከ200 ዶላር በታች ነበር።

ዉፈሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣው፣ 4 ኢንች የሃይቪ ቢ4ኤን ነው። ኮኑ፣ ፊት ለፊት የሚርገበገበው ክፍል፣ ብረት ነው፣ አሉሚኒየም። ቲዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው፣ የዴይተን ኦዲዮ፣ ከአንድ ኢንች ያነሰ ትንሽዬ ነገር ነው። ብረት ኮን ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጠንካራ ስለሆነ በሚሠራበት ክልል ውስጥ አይተጣጠፍም፤ ድምፁ ጥርት ይላል። ከዚያ ክልል በላይ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም ብረት መጮህ ይጀምራል። ያንን ጩኸት ጆሯችሁ ጋ ሳይደርስ የሚቆርጠው ክሮስኦቨሩ ነው፣ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለቲዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰሌዳ። የዚህች ኪት ዋጋ ያለው እዚያ ነው። ዉፈሩንና ቲዊተሩን ማንም ሊገዛቸው ይችላል። እርስ በርስ እንዲስማሙ ማድረግ ነው ችሎታው፤ ለዚያ ደግሞ ከፍላችኋል።

ካርቶኑ ሲመጣ የአንዱ ሳጥን ማዕዘን ተጨፍልቆ ነበር። አጓጓዡ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሳጥኑ የተሠራበት ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ማዕዘኑ ላይ ሲመታ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ስቱኮ ሞላሁበትና በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልሁት። ቀለም ከተቀባ በኋላ የትኛው እንደነበር እኔም መለየት አቅቶኛል።

ሳጥኑን መግጠም ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ኮላ ገጣጥሙትና እዩት። ከዚያ ኮላውን አትሰስቱ። ስታጠብቁት በመጋጠሚያው በኩል ዳር እስከ ዳር ትናንሽ ጠብታዎች መውጣት አለባቸው። ጠብታ ያልወጣበት ቦታ አየር ያስገባል፤ አየር የሚያስገባ ሳጥን ደግሞ ቤዝ ሲመጣ ያፏጫል። የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከደረቀ ቀለም አይቀበልም። ሞርሳ ከሌላችሁ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ሰማያዊ ቴፕ ወጠር አድርጋችሁ ዙሪያውን ለጥፉ፣ ለዚህ መጠን ይበቃል። ስታለሰልሱ ማስክ አድርጉ። የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ዱቄት ነው፣ ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ መሄጃ የለውም።

ክሮስኦቨሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። በሊድ መበየድ የማያውቅ ሰው ሁለት ቁራጭ ሽቦ ወስዶ ትንሽ ቢለማመድ ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ጥቅሎች አሉ፣ ኢንዳክተሮቹ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ አታስተኟቸው። የአንዱ መግነጢስ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ ንድፉ የታሰበበት ቁጥርም ይዛባል። አንዱን አስተኙ፣ ሌላውን አቁሙ፣ አራርቋቸው። በሙቅ ኮላና በፕላስቲክ ማሰሪያ ሰሌዳው ላይ አጥብቁ። የላላ ዕቃ ቤዝ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፤ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ መፈለጉ ፍዳ ነው።

ዉፈሩን ከመግጠማችሁ በፊት ከሪሞት ኮንትሮል አንድ ባትሪ አውጡ፣ 1.5 ቮልት። ፖዘቲቩን ከዉፈሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ለቅጽበት አስነኩ። ኮኑ ቱክ ብሎ ወደ ፊት ከወጣ ምልክቱ ትክክል ነው። ወደ ኋላ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል። የአንዱ ስፒከር ዉፈር ወደ ፊት ሲወጣ የሌላው ወደ ኋላ ከገባ ቤዙ ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ «ይቺ ኪት ቤዝ የላትም» ብሎ ስሟን ያጠፋል። ቲዊተሩን በባትሪ አትሞክሩ፣ ምስኪን ነው።

ወጪው ላይ ልናገር። ኪቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ የኪቱ ብቻ ነው። ኮላ፣ ቀለም፣ ፕራይመር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ትራፓኖ ከሌላችሁ ትራፓኖ፣ ሁሉም ለብቻ ነው። አምፕሊፋየርም አለ፤ እኔ ፎሲ ኦዲዮ ቪ3 ነው የያዝሁት። በዚያው ገንዘብ ፋብሪካ የሠራው ደህና ስፒከር ይገኛል፣ ካርቶኑን ቀዶ መሰካት ነው። እጅን ማቆሸሽ የማይወድ ሰው ያንን ይግዛ። እኔ ግን ጆሮዬን አምኜ የምናገረው፣ ድምፁ ጥራት ላይ ይቺ ኪት በዋጋ እጥፏ ከሆኑት ጋር ትቀመጣለች።

አሁን ወደ መስማቱ። ሌላው ሰው ስፒከር የሚፈትነው በጃዝ ወይ በሮክ ነው። እኔ የምፈትነው በወረብ ነው። ወረብ ውስጥ ሁሉም አለ። ጸናጽሉ ቲዊተሩን ይፈትናል። መጥፎ ቲዊተር ላይ ጸናጽል የሳንቲም ከረጢት ሲራገፍ ይመስላል፤ አንዱ ድምፅ ከሌላው አይለይም። እዚህች ላይ የእያንዳንዱ ሰው ጸናጽል ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰማል፣ አንዱ በስተግራ፣ አንዱ ራቅ ብሎ። የሊቃውንቱ ድምፅ ደግሞ መሀል ላይ፣ ሁለቱ ስፒከሮች መካከል ምንም በሌለበት ቦታ ይቆማል። ባለቤቴ መጀመሪያ የሰማ ቀን ቲቪው በርቶ መስሎት ሪሞት ሲፈልግ ነበር።

በገና ሌላ ፈተና ነው። የበገና ዝዝታ የሚመጣው በጅማቱና በድልድዩ መካከል ከሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ከእንዚራው ነው። ጅማቱ ይርገበገባል፣ ቆዳውን ይነካል፣ ያጉረመርማል። ያ ድምፅ ታች ካለው ወፍራም ድምፅ እስከ ላይ እስከ ቀጭኑ ድረስ የተዘረጋ ነው። ዉፈሩና ቲዊተሩ የሚረካከቡበት ቦታ ስንጥቅ ካለው በገና ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ጉርምርምታው ከአንድ ቦታ፣ ዝዝታው ከሌላ ቦታ ይመጣል። ካርሞዲን ያደነቅሁት እዚህ ጋ ነው። ስንጥቁን ፈልጌ አጣሁት።

አምሃ ሪከርድስ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው የድሮ ሸክላዎች ቅጂም ይመቻታል። የነሐሱ ነገር፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ፣ ጆሮ ሳይበሳ ፊት ለፊት ይወጣል። ቤዝ ጊታሩም እየዘለለ ሲሄድ ኖታ በኖታ ትከተሉታላችሁ።

ሁለት ድክመት አላት። አንደኛ፣ አምፕ ትበላለች። ብዙ ዋት ሰጥታችሁ ትንሽ ጩኸት ነው የምትመልሰው። ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለእስክስታ አትሆንም፤ ብታስጨንቋት ዉፈሩ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ 4 ኢንች ነው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው። የትንሹ ፊት ጥፊ እዚህች ላይ አለ። የሰፊው ፊት ጉምታ ግን የለም። ምቱን ታውቃላችሁ፣ ደረታችሁ ላይ ግን አያርፍም።

ለዚህ ነው ሳብዉፈር የሠራሁት። የዴይተን ኦዲዮ አልቲማክስ 12 ኢንች፣ ዩኤም12-22። ሲያነሱት መዶሻ ሳይሆን ወፍጮ ነው። ሁለት ቮይስ ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅሱ የሽቦ ጥቅሎች) አለው፣ እያንዳንዳቸው 2 ኦም፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። በተከታታይ ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ጎን ለጎን ሲያያዙ 1 ኦም። አብዛኛው የቤት አምፕ 1 ኦም ካያያዛችሁበት ይቃጠላል ወይ ይዘጋል። ስለዚህ በተከታታይ፣ 4 ኦም።

የሳጥኑን ልክ በግምት አትሥሩ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲየል በ1961 ጀምሮት፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ያሰፋው ስሌት አለ። ዛሬ ማንም ሰው ዊንአይኤስዲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ የዉፈሩን ቁጥሮች ያስገባና ሳጥኑ ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት ያያል። እኔ የተዘጋ ሳጥን መረጥሁ፣ 50 ሊትር አካባቢ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በታችኛው ድምፅ ላይ የበለጠ ይጮሃል፤ ግን ይገዝፋል፣ ከተስተካከለበት ድምፅ በታች ደግሞ ዉፈሩን የሚይዝለት የለም። የተዘጋው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ቤቱ ራሱ ደግሞ ታችኛውን ድምፅ ይደግፈዋል። ኤምዲኤፉ 19 ሚሊሜትር፣ ውስጡ በመስቀለኛ ድጋፍ የተያዘ። በጣታችሁ ስታንኳኩት እንደ ግንብ ድው ማለት አለበት። ባዶ በርሜል ከመሰለ ድጋፍ ጨምሩ።

ሳጥኑ አልቆ ማዕዘን ላይ ሳስቀምጠው፣ የዉፈሩ ችግር የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር መጣ። አንድ ኖታ ላይ ቤቱ ሁሉ ይጮሃል፤ ከሱ ከፍና ዝቅ ያለው ላይ ምንም የለም። የጣሪያው የአየር መውጫ ቆርቆሮ ሳይቀር አብሮ ይዘፍናል። ምክንያቱ የክፍሉ ርዝመት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህን ለ5 ሜትር እጥፍ፣ ለ10 ብታካፍሉት 34 ይመጣል። 34 ኸርዝ ላይ፣ በሴኮንድ 34 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ ላይ፣ ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል ማለት ነው። ማይክሮፎን (ሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1) ሶፋው ላይ አቁሜ፣ አርኢደብልዩ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ ስለካው ጉብታው እዚያው አካባቢ ቁጭ ብሏል።

ማይክሮፎን የሌለው ሰው የድሮውን ዘዴ ይሞክር። ሳብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት፣ ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ በአራት እግር እየዳሁ ማዳመጥ ነው። ቤዙ እኩል የሚሰማበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ሳብዉፈሩን እዚያ አድርጉት። ልጆቼ ጨዋታ መስሏቸው ከኋላዬ ተሰልፈው ሲድሁ ነበር። የተገኘው ቦታ የረጅሙ ግድግዳ መሀል ነው። ሳይንሱም ይደግፈዋል፤ የ34 ኸርዙ ማስተጋባት ክፍሉ መሀል ላይ አቅም የለውም፣ ማዕዘን ላይ ነው ጉልበቱ። የቀረውን ትንሽ ጉብታ በኢኳላይዘር (በድምፅ ማመጣጠኛ) ቀነስሁት። ትንሾቹን ከ80 ኸርዝ በታች አሳረፍኋቸው፣ ከዚያ በታች ያለው የትልቁ ሥራ ሆነ። ስለዚህ ትንሾቹም ከበፊቱ ከፍ አድርገው መጮህ ቻሉ።

አሁን ወረቡ ሲጀምር ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሰፊው ፊት ሲመታ ሶፋው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፍጥነቱ ሲጨምር ምቶቹ አይደባለቁም። ይህ ነው የምፈልገው። ብዙ ሰው ቤት ያለው ሳብዉፈር ከምት ምት መሀል ዝም ማለት አይችልም፤ ሁሌ ያጉረመርማል።

እንግዲህ ዋጋው። ሳብዉፈሩ፣ ሳጥኑ፣ አምፑና ማይክሮፎኑ ተደምረው ከትንሿ ኪት ብዙ እጥፍ ናቸው። የራሱ ቤት፣ በተለይ ቤዝመንት ላለው ሰው ይገባል እላለሁ። አፓርታማ ውስጥ ላላችሁ ግን አልመክርም። 34 ኸርዝ ግድግዳ አያግደውም፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ወረብ ይወዱ እንደሆነ አታውቁም። ትንሿን ኪት ብቻ ገዝታችሁ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል አርቁ፣ ቲዊተሩ ጆሯችሁ ከፍታ ላይ እንዲሆን መቆሚያ አድርጉለት። ቤዙ ካነሳችሁ ወደ ግድግዳው ትንሽ አስጠጉ፣ ይጨምራል። ይህ በነጻ ነው።