የሞተር ፕላስቲክ ብሎን ደሴ ላይ በርካሽ የት ይገኛል?

የሞተራችሁን ፕላስቲክ የሚይዘው ብሎን ከጠፋባችሁ፣ የሞተር መለዋወጫ ቤት የመጨረሻ ምርጫችሁ ይሁን። የቸኮለ ሰው ይችን ይዞ መሄድ ይችላል። ጊዜ ያለው ይቀጥል። የምመክራችሁ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ብሎን ቤት ነው፣ ግን ሁሉም ነገር እዚያ አይገኝም፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

የእኔ ሞተር ፐልሰር 220 ነው፣ ያ የፊት ግማሹ በፕላስቲክ የተሸፈነው። የወሎን መንገድ ለሚያውቅ ሌላው ግልጽ ነው። የደሴ ኮብልስቶን ያንቀጠቅጠዋል፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ በዚያ ጥምዝምዝ ላይ ፍሬን ስትይዙ ስትለቁ ሁሉም ነገር ይነዝራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ከጎን በኩል የሆነ ነገር መንኳኳት ይጀምራል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ብሎኑ የለም። ዝም ካላችሁት ጭነቱ በቀሩት ላይ ያርፍና ፕላስቲኩ ቀዳዳው ጋ ይሰነጠቃል። ያኔ የምትገዙት ብሎን ሳይሆን ሙሉ ፕላስቲክ ነው። በሽቦ አስሮ የሚሄድም ብዙ ነው። ሽቦ ፕላስቲኩን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል፣ ተዉት።

በመለዋወጫ ቤቶች አልፈርድም። የሚያመጡት የሚሸጠውን ነው፦ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ። እኛ አካባቢ የሚበዛው ይህ ነው የሚባል ፕላስቲክ የሌለው የሥራ ሞተር ነው፤ ታዲያ ለእኔና ለጥቂት ቢጤዎቼ ሲሉ ብሎን ሊደረድሩ ነው? ግን ዋጋቸው ያስቃል። አንዱ «በነጠላ የለም፣ ከነፕላስቲኩ ውሰድ» አለኝ። ሌላው አንዷን ብሎን «ኦሪጅናል ናት» ብሎ 150 ብር ጠራባት። ገልብጬ አየኋት። ተራ ኤም 6 ናት።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሞተር ፕላስቲክ የሚይዙት ብሎኖች በአብዛኛው ኤም 5 እና ኤም 6 ናቸው። ቁጥሩ የብሎኑ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። የተለመደው ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት የኤም 5 ብሎን 0.8 ሚሊሜትር፣ የኤም 6 ደግሞ 1 ሚሊሜትር ነው። ይሄ ልክ ለሞተር ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የጄኔሬተር ሽፋን ላይም፣ የውኃ ፓምፕ ላይም ያው ነው። ግን በመፍቻው ቁጥር አትለዩት። 8 ቁልፍ የገባለት ሁሉ ኤም 5 አይደለም፣ ራሱ አነስ ተደርጎ የተሠራ ኤም 6ም በ8 ቁልፍ ይፈታል።

ወደ ብሎን ቤቱ ልምጣ። ታፔላ የለውም። ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ሳጥን ነው፣ በየሳጥኑ ፊት ናሙና ታስሮበታል፣ ስለዚህ ስሙን ባታውቁም በጣት ማሳየት ይበቃል። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ የዚች ዓይነት አለ?» ብዬ የተረፈችኝን ስሰጣቸው በጣታቸው ዳሰስ አደረጓትና «አብሽር ልጄ፣ ሞልቷል» አሉኝ። እንዲያም ሆኖ በዳሰሳ ብቻ አልሸጡልኝም። ዳዶ አምጥተው የእኔንም የእሳቸውንም አስገብተው አዙረው አሳዩኝ። ይሄን የሚያደርግ ነጋዴ ደስ ይለኛል።

ዋጋው ይኸውላችሁ። ተራው ነጭ ኤም 6 በ15 ብር፣ የማይዝገው ስቴንለስ በ35 ብር፣ ሮንዴላ በ5 ብር ነው የገዛሁት። የጎደለኝን ሁሉ ከነሮንዴላው ሞልቼ የከፈልኩት፣ ያች «ኦሪጅናል» ለብቻዋ ከተጠራባት ብዙም አይበልጥም። በነጠላ ይሸጣሉ፣ ፊታቸውም አይጠቁርም። የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ስቴንለሱ ያዋጣል፣ ተራው ቶሎ ይዝጋል። ግን ስቴንለስ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥርሱን ግራሶ ቀቡት፣ አለበለዚያ ሁለቱ ብረቶች ተያይዘው ኋላ አልፈታም ይላችኋል። ራሱም ሰፋ ያለውን ምረጡ፣ ጫናው በአንድ ቦታ አይከማችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚያ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ የፍሬን ወይም የመሪ ብሎን በዚሁ እንዳትተኩ። የብረት ብሎን ራስ ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ቁጥር እዩ፣ 4.8 ከሆነ ለፕላስቲክ በቂ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ስቴንለሱም ለፍሬን አይሆንም። ነፍስ ያለበት ቦታ ላይ መቆጠብ የለም።

አሁን ጉድለቱን። ክሊፕስ የላቸውም። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር የሚያያይዙትን እነዚያን ጥቁር መሰኪያዎች ማለቴ ነው። ለእነሱ የመኪና መለዋወጫ ቤት ግቡ። የቪትዝና የኮሮላ ፓራፋንጎ ውስጥ የሚገባው ክሊፕስ ለብዙ ሞተርም ይሆናል፤ ወሳኙ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 6 ነው ወይስ 8 ሚሊሜትር የሚለውን ለክታችሁ ሂዱ። እኔ በ25 ብር ነው የገዛሁት። በፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ የሚሰካውን የቆርቆሮ ዳዶም እዚያው ታገኛላችሁ። ክሊፕሱን ስትፈቱ በካቻቢቴ አትገንጥሉት። ብዙዎቹ መሀላቸውን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ ስታደርጉት ቀጭ ብለው ይለቃሉ። መልሳችሁ ስታስገቡ መሀሉን መጀመሪያ ወደ ላይ አውጡት፣ ቀዳዳው ውስጥ ከከተታችሁት በኋላ እኩል እስኪሆን ተጫኑት።

ሌላው እዚያ ያጣሁት በፕላስቲኩ ቀዳዳ ጎማ ውስጥ የምትገባዋን አጭር የብረት ቱቦ ነው። ሥራዋ ብሎኑ ሲጠብቅ ፕላስቲኩ እንዳይጨፈለቅ መከላከል ነው፣ ስለዚህ ያለሷ አትሰሩት። ቶርኖ ቤት በልኩ ይቆርጡላችኋል። ከብሎኑ ትወደዳለች፣ ግን ከፕላስቲኩ ትረክሳለች።

ኮምቦልቻ ያላችሁ እዚያው ለምን አልፈልግም ትሉ ይሆናል። ፈልጉ፣ ግን ከተማው የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍበት ነው፣ እኔ የገባሁባቸው ቤቶችም ሳጥናቸው ለእሱ የሚሆን ወፍራም ብሎን ነው። ኤም 5 ስትጠይቁ ፈገግ ይላሉ።

ስትገጥሙ ሁሉንም በእጃችሁ ካስጀመራችሁ በኋላ ነው ማጥበቅ፤ አንዱን አስቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ሌላው ቀዳዳ አይገጥምም። ብሎን እንዳይፈታ የሚቀባውን ፈሳሽ ማጣበቂያ ደግሞ ፕላስቲክ አጠገብ አትጠቀሙበት፣ ብዙ የሞተር ሽፋን የሚሠራበትን ፕላስቲክ ያሰነጥቀዋል። ከሮንዴላው ሥር የውስጥ ጎማ ቁራጭ ብታደርጉ ንዝረቱን ይይዝላችኋል፣ እሱም በነፃ ነው፣ ጎሚስታ ቤት ደጅ ወድቆ ታገኙታላችሁ።

ብሎን ቤቱ አርብ ለጁምዓ ይዘጋል፣ ሰኞ ደግሞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ሞተር ማቆሚያ እንኳ አይገኝም፣ በሌላ ቀን ሂዱ። የጠፋው ብሎን አቻ ከሌላው ጎን ካለ ፈታችሁ ያዙት። ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ጋሼ ዘወትር መልስ የላቸውም።