ምስጋና ለጋሼ፣ ጥቆማ ደግሞ ድምፅ ላስቸገራችሁ ሲኒማ ቤቶች

ይህን ጽሁፍ ሳልለጥፍ ሦስት ሳምንት ቆይቻለሁ። ሆን ብዬ ነው። የተጠገነ ነገር በማግስቱ ይመሰገንና በሳምንቱ መልሶ ሲበላሽ ስንቴ አይቻለሁ። አሁን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ፊልም አሳይተን አንድም ሰው «ንግግሩ አይሰማም» ብሎ አልመጣብኝም። ስለዚህ በድፍረት ላመስግን።

የአዳራሻችንን ድምፅ የጠገኑልንን ባለሙያ ስም አልጠቅስም። «ስሜን እዚያ ላይ እንዳትለጥፊው» ብለውኛል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

የማስተዳድረው አዳራሽ መካከለኛ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ሦስት ትልልቅ ስፒከሮች አሉ፤ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። ግድግዳዎቹ ላይ የዙሪያ ስፒከሮች፣ ከስክሪኑ ስር ደግሞ በጣም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳብዉፈር። ተመልካች ይሄን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ቃሉ ከተሰማው ይበቃዋል። የፊልም ንግግር ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ሙዚቃው ግራና ቀኝ ይበተናል፣ ፍንዳታው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ንግግሩ ግን መሃል ላይ ብቻውን ነው። መሃሉ ከደከመ የሚያግዘው የለም።

የእኛ መሃል ደክሞ ነበር። እኔ ግን ለሁለት ወር አላወቅኩም። መጀመሪያ ቅሬታ ሲመጣ ፊልሙን ወቀስኩ። «አቀራረጹ ነው እንጂ የእኛ ችግር አይደለም» እያልኩ ሰዉን ሸኘሁ። ቀጥሎ የመጣውንም ፊልም ወቀስኩ። ሦስተኛው ላይ አፈርኩ።

ኦፕሬተራችን ድምፁን ከፍ አደረገው። ያኔ ንግግሩ ተሰማ፣ ግን መኪና በተጋጨ ቁጥር ሰው ጆሮውን ይይዝ ጀመር። ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ «ምን አለ? ምን አለ?» የሚለው ሹክሹክታ ይነሳል። አንድ ምሽት ከኋላ ቆሜ አንዲት እናት ለልጃቸው ንግግሩን ከራሳቸው እየፈጠሩ ሲተርኩለት ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ የተሻለ ታሪክ ነበር። ግን ቲኬት የቆረጡት ለዚያ አልነበረም።

ከጋሼ በፊት ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እነማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። አንደኛው የመሃሉን አምፕሊፋየር ማዞሪያ ከፍ አድርጎ ሄደ። ድምፁ ጨመረ፣ አብሮ ግን «እምምም» የሚል ጉርምርምታ መጣ። ፊልሙ ጸጥ በሚልበት ቦታ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ከስክሪኑ ጀርባ ገባ፣ በስልኩ መብራት አየት አየት አደረገና «ስፒከሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» አለ። አልለካም። ቀረብ ብሎ እንኳ አላዳመጠም። እኔም ልገዛ ጫፍ ደርሼ ነበር፣ አልዋሽም።

ጋሼ ሲመጡ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ሁለት ነገር ጠየቁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ተነካ?» ከኦፕሬተሩ ጋር ተያየን። ከመቼ ጀምሮ? ምን ተነካ? ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ኦፕሬተሩ ትንሽ አሰበና ማሽኖቹ የተደረደሩበት ራክ ተጎትቶ አቧራው የተጠረገው የመጀመሪያው ቅሬታ ሰሞን መሆኑ ትዝ አለው። ጋሼ «እሺ» ብቻ አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግራ አጋባኝ። የበፊቱ ባለሙያ ከፍ ያደረገውን ማዞሪያ ወደ ቦታው መለሱት፤ ከግራና ከቀኙ እኩል። «ይብስበታል እኮ ጋሼ» ስላቸው፣ «ይባስበት። በማስታገሻ ተሸፍኖ በሽታው እንዴት ይታያል?» አሉኝ።

ከዚያ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ የድምፅ መለኪያቸውን በማቆሚያ አቆሙ። ድምፁን ለየስፒከሩ ከሚያከፋፍለው ማሽን፣ ከፕሮሰሰሩ፣ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ለቀቁ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም በአንድ ላይ ያለበት። በየተራ፣ አንድ ስፒከር ብቻ። ግራ 85 ዴሲቤል። ቀኝ 85። የሲኒማ ስክሪን ስፒከሮች የሚስተካከሉት በዚህ ልክ ነው። መሃል 79።

«ስድስት» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው።

ስድስት ዴሲቤል ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። የኤሌክትሪክ ሲግናሉ ቮልቴጅ ግማሽ ሲሆን ድምፁ የሚወርደው በስድስት ነው። «ሁለት ሆነው ከሚሠሩ ነገሮች አንዱ ጠፍቷል» አሉኝ። ወይ ከሁለት ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) አንዱ፣ ወይ ከሁለት ሽቦ አንዱ። የማዞሪያው ነገር ለምን እንዳናደዳቸውም ያኔ ገባኝ። የጠፋው ዉፈር ቢሆን ኖሮ፣ ስድስት ዴሲቤል ለመመለስ አምፕሊፋየሩ በሕይወት ያለው ዉፈር ላይ አራት እጥፍ ኃይል ማውረድ አለበት። የሞተውን ለመሸፈን ጤነኛውን ማቃጠል ማለት ነው።

እንዴት ለዩት? ማይክራፎን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ዘርዝረው አሳዩኝ። የመሃሉ መስመር ቅርጹ ቁርጥ ግራውን ነው፤ ዝቅ ብሎ መተኛቱ ብቻ። ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል ወርዷል። ስፒከሩ ነጻ የወጣው እዚህ ጋ ነው። የእኛ መሃለኛ ስፒከር ለወፍራሙ ድምፅ ሁለት ዉፈሮች፣ ለቀጭኑ ደግሞ ሆርን አለው። የሚነዷቸው አምፕሊፋየሮችም የተለያዩ ናቸው። ዉፈር ቢሞት የሚጎድለው ወፍራሙ ብቻ ነበር። ሆርኑ ቢደክም ደግሞ ንግግሩ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው ይታፈን ነበር። «ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በአንድ ቀን፣ እኩል በእኩል ቢደክሙስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እንዲህ ያለ ዕድል ካለሽ ሎተሪ ቁረጪ» አሉኝ። ስለዚህ ችግሩ ያለው ድምፁ ወፍራምና ቀጭን ተብሎ ከመከፈሉ፣ ማለትም ከክሮስኦቨሩ በፊት ነው።

(ያን መስመር ሳይ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ቁልቁል መውረዱን አይቼ «ይኸው ችግሩ!» ብዬ ጮኬ ነበር። ሳቁብኝ። ሲኒማ ውስጥ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ቀስ እያለ እንዲወርድ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው፤ ኤክስ ከርቭ ይሉታል። ሦስቱም ስፒከሮች ላይ እኩል ይወርድ ነበር።)

የሚቀጥለው ለማንም ኦፕሬተር ስለሚጠቅም ትንሽ ልዘርዝረው። ጋሼ አምፕሊፋየሮቹን አጠፉ። ክሮስኦቨሩ ላይ የሚገቡትን የግራና የመሃል ሶኬቶች ቦታ አቀያየሩ። መልሰው አበሩ። የመሃሉን ኖይዝ ሲለቁት አሁን የሚጮኸው የግራው ስፒከር ነው፤ 79። የግራውን ሲለቁት ደግሞ ያ «አርጅቷል» የተባለው የመሃል ስፒከራችን 85 አወጣ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሕመሙ ከገመዱ ጋር አብሮ ተዛወረ ማለት ነው። መሃሉ ስፒከር ላይ ቢቀር ኖሮ ጥፋቱ ከክሮስኦቨሩ ወዲያ፣ ወደ አምፕሊፋየሩና ወደ ስፒከሩ በኩል ይሆን ነበር። ሁለት ሶኬት በማቀያየር ብቻ ከግማሽ በላዩ ዕቃ ከጥርጣሬ ወጣ። አምፕሊፋየሩን ሳታጠፉ ግን እንዳትሞክሩት። ሶኬት ሲነቀል የሚፈጠረው «ጧ» የሚለው ድምፅ ሆርኑን ሊያቃጥለው ይችላል።

ኦፕሬተራችን «ፊልሙን ከሚያጫውተው ከሰርቨሩ ቢሆንስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብለው ቁጭ ብለው መለሱለት። ዲጂታል መስመር እንዲህ አይታመምም። ሲበላሽ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል እንጂ በልኩ ግማሽ አይሆንም። ደግሞም የመሃሉና የሳብዉፈሩ ድምፅ ከሰርቨሩ የሚወጡት 3ኛና 4ኛ ቻናል ሆነው በአንድ ጥንድ ነው፤ ሳብዉፈሩ ደግሞ ደህና ነው። ከሁሉም በላይ ኖይዙን የሚያመነጨው ፕሮሰሰሩ ራሱ ስለሆነ ሰርቨሩ ከመጀመሪያውም ጨዋታው ውስጥ አልነበረም። የፕሮሰሰሩ የቻናል ልክ ተነክቶ እንደሆነም አዩ። አልተነካም።

የቀረው ከፕሮሰሰሩ እስከ ክሮስኦቨሩ ያለችው ገመድ ናት። ሁለት ሜትር አትሞላም። ሁሉንም ማሽን አጥፍተው ቴስተራቸውን ከጫፍ ጫፍ አደረጉ። አንደኛው ሽቦ «ጢጥ» አለ። ሁለተኛው ዝም።

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ክሮስኦቨሩ ላይ የተሰካችውን ትንሿን አረንጓዴ ሶኬት ነቀሏት። እዚያች ሶኬት ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ በደቃቅ ቪቴ ነው የሚታሰረው። ቪቴው ጠብቋል። ግን ነክሶ የያዘው መዳቡን አይደለም፤ ፕላስቲኩን ነው። ድሮ ሲገጠም ልባሱ በደንብ አልተላጠም። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ሦስት የመዳብ ክሮች ብረቱን ነክተው ዓመታት ይዘውት ኖረዋል። ራኩ ሲጎተት እነሱም ተበጠሱ። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ሽቦው እንደተነቃነቀ የሕፃን ጥርስ ወልቆ መጣ።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዘመን ነው። ያኔ ድምፁ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ታትሞ በትንሽ መብራት ነበር የሚነበበው። ድምፅ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወይ የመብራቱ ማርጀት፣ ወይ ሌንሱ ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው። ሽቦውን መዳፋቸው ላይ ይዘው «ያኔ አቧራው ነበር የሚያደክመን፣ አሁን ደግሞ አቧራ ጠራጊው» አሉ። ኦፕሬተሩ አልሳቀም። የጠረገው እሱ ነው።

ጉርምርምታው ከየት እንደመጣም አስረዱን። በእንዲህ ዓይነት ገመድ ውስጥ ድምፁ የሚሄደው በሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ። ተቀባዩ የሚወስደው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከውጭ የሚገባው ጉርምርምታ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚመጣ ሲቀናነስ ይጠፋል። አንዱ ሽቦ ከተቆረጠ ድምፁ ግማሽ ይሆናል፤ ጉርምርምታውንም የሚያጣፋለት አይኖርም። ያ ሰውዬ ማዞሪያውን ከፍ ሲያደርግ ንቡንም አብሮ አሳደገው። እኔ እኮ ሁለት ብልሽት ያለብን መስሎኝ ነበር።

ልባሱን ላጡ፣ መዳቡን ጠምዝዘው የብረት ጫፍ አጠለቁለት፣ አሰሩት፣ በደንብ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ሶኬቶቹን ወደየቦታቸው መለሱ። ግራ 85፣ መሃል 85፣ ቀኝ 85። ጥገናው ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እዚህ ጋ ቢሄዱም አመሰግናቸው ነበር። አልሄዱም። ሌሎቹንም ገመዶች አንድ በአንድ ፈትሸው ሌላ አንድ በደንብ ያልታሰረ አገኙ። የዙሪያ ስፒከሮቹን ለኩ፤ በግራም በቀኝም 82፣ እንደሚጠበቀው። ግን በቁጥሩ አላመኑም። ኖይዙን ለቀው ግድግዳውን ተጠግተው በየስፒከሩ ስር እየቆሙ አዳመጡ። በግራ በኩል ከኋላ ሁለተኛው ሞቷል። መለኪያው ያላሳየው ጎረቤቶቹ ስለሸፈኑለት ነው። «ይሄ ሊጠብቅ ይችላል፣ አሁን ግዢ አትግቢ» አሉኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የከፈልኩት ለሠሩበት ሰዓት ብቻ ነው። ሲጨርሱ ሁሉንም ልክና የማዞሪያዎቹን ቦታ በወረቀት ጽፈው ራኩ በር ላይ ከውስጥ ለጠፉልን።

ኦፕሬተራችን አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ኖይዙን በየተራ ለቅቆ በስልኩ ይለካል። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል። ግን ከዚያው ወንበር፣ በዚያው ስልክ አንዱን ቻናል ከሌላው ለማወዳደር ይበቃል። አንዱ ሦስት ወርዶ ካገኘው ተመልካች ሳይነግረን እናውቃለን።

አመሰገንኩ ብዬ እንከናቸውን አልደብቅም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። ከሰዓት ፊልም አለኝ ብላችሁ ጠዋት ብትጠሯቸው አይመጡም፤ ባዶ አዳራሽና ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ። ሲለኩ ማውራት ክልክል ነው፤ እኔንም ሁለቴ አስወጥተውኛል። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም፣ ማታ ግን መልሰው ይደውላሉ። የቤት ድምፅ ማጉያ አይሠሩም፤ እባካችሁ ለእሱ አትጻፉልኝ።

ጋሼ፣ ይሄን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ልጅዎ ያሳይዎታል። ያን ስፒከር ስላዳኑልን፣ ከዚያም በላይ ሳይሰለቹ ስላስተማሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ለምትጽፉልኝ፦ «ድምፃችን ደከመ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የትኛው ቻናል እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን እንደተነካ ጻፉልኝ። ያለዚያ ጋሼ እኔኑ መልሰው ይጠይቁኛል።