ሥራ ቦታ ላይ ሴትን መናቅ፦ ፊት ለፊት መናገር ወይስ በጽሑፍ ማመልከት?

ደብረ ብርሃን ላይ ቢሮ የምትሠራ ሴት ይህን ታውቀዋለች፦ ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ እሷ ትይዛለች፤ ስሟን እያወቀ «የኔ ቆንጆ» የሚላት ባልደረባም አይጠፋም።

ፊት ለፊት መንገር ፈጣን ነው። «ወንድሜ፣ በስሜ ጥራኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም ዛሬ አንተ ያዝ።» ለብቻው ቢነገረው ይሻላል፤ ሰው ፊት የተነካ ሰው ጥፋቱን ትቶ ክብሩን ነው የሚከላከለው። ሳያስበው ያደረገው በዚህ ይታረማል፤ እኔም መጀመሪያ ይህን እመርጣለሁ።

ከተደጋገመ ወይም ሰውየው አለቃ ከሆነ ግን ጽሑፍ ይቅደም። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ የሰሙትን ሰዎች መያዝ፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቶ ግልባጩን ማስቀረት። ለግል ድርጅት ሠራተኞች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ የተነኮሳት አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ያለማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ሕጉ ትንኮሳ የሚለው ግን ያለፈቃድ ለወሲብ መጎትጎትን ነው። «ሴት ምን ታውቃለች» የሚለው ንግግር እዚያ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ በንግግሩ ሰበብ የተነጠቀችውን ሥራ፣ የቀረባትን ሥልጠና በግልጽ ትጻፍ፤ አሠሪ በጾታ እንዳያዳላ አዋጁ ለብቻው ይከለክላልና።