የጀልባችንን ሆድ ከፍተው ላጸዱልን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ጣና ላይ በጀልባ ለምትሰሩ እህት ወንድሞቼ። ይሄን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ ስራ እየያዘኝ ነው እንጂ በአፍ አመስግኜ ብቻ ዝም ማለት አላስቻለኝም። ባህር ዳር ላይ የድሮ ጀልባ ያለው፣ ሞተሩ ልክ ማዕበል ሲነሳ ጠብቆ እየጠፋ ያስቸገረው ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጀልባችን የአባዬ ናት፣ ነፍሱን ይማረውና። ብረት ናት፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ሞተሯ የድሮ ፐርኪንስ ነው እስካሁን ምንም አልወጣለትም። አሁን እኔና ወንድሜ ነን የምንሰራባት፣ ዘጌ እንሄዳለን፣ እነ እንጦስ ክብራን ድረስ እናደርሳለን፣ እንግዳ ሲኖር ደሞ ደቅ ናርጋ ሥላሴ ድረስ እንጓዛለን። እኛ ያደግነው በሷ ነው ትምህርት ቤት የከፈለችልን እሷ ናት፣ ስለዚህ እንደ ቤተሰብ ነው የምናያት።

ችግሩ የጀመረው አምና ክረምት ላይ ነው፣ እያሳሳቀ ነው የወሰደን። ጠዋት ሃይቁ ጸጥ ሲል ምንም የላትም፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ግን ሞተሩ ይንተፋተፍና ድርግም ይላል። ይሄን ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጥልቅ ሃይቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭር አጭር ሆኖ እየተደራረበ ነው የሚመታህ፣ ሞተር ከሌለህ ጀልባህ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። የሚገርመው ደግሞ አስር ደቂቃ ስትጠብቅ ራሱ ይነሳል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኛም ተነሳ ተመስገን ብለን እንሄዳለን፣ ያ ነው ጥፋታችን።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሰው አድርሰን ስንመለስ መሃል ላይ ቆመች። አብዛኞቹ ትልልቅ እናቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደተቀመጡ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን እያንገላታት፣ አንዷ እናት እጄን አጥብቀው ይዘው ኪዳነ ምሕረት ኪዳነ ምሕረት ይላሉ፣ ወንድሜ ታች ሞተሩ ጋ ሆኖ ናፍጣ እንዲመጣ በእጁ ያልባታል ምንም የለም። ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሰው ነበር እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም፣ ሌላ ጀልባ ደርሶልን በገመድ ጎትቶ አወጣን። ግን የኚያ እናት እጅ አሁንም እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። ያን ለሊት ወንድሜን እንዲህ ሆና ሰው አትጭንም አልኩት፣ በማግስቱ ስራ አቆምን።

ከዛ በፊትም ቢሆን ዝም አላልንም ነበር፣ ፊልትሮ ስንት ጊዜ ቀየርን መሰላችሁ፣ በወር ሁለቴ ሶስቴ። አንዱ መጥቶ ኢንጄክሽን ፓምፑ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ሞቷል አዲስ ግዙ አለን፣ ገንዘቡን ስንሰማ ጀልባዋን ብንሸጣት ይሻላል ያስብላል። ሌላው ደሞ ታንኩ ቆሽሾ ይሆናል አለና (እዚህ ላይ እውነቱን ነበር) ላዩን በኦክስጅን ቆርጬ ልክፈትላችሁ አለ፣ ልብ በሉ ናፍጣ የነበረበት ታንክ ላይ እሳት!! ወንድሜ እሺ ሊል ነበር፣ እኔ ነኝ ሆዴ አልወድ ብሎ ይደር ያልኩት።

እኚህን ጋሼ የጠቆሙን አንድ ዓሣ አስጋሪ የአባዬ ወዳጅ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ከባድ መኪና ላይ ነው የለመዱት በኋላ ነው ጀልባ ላይ መስራት የጀመሩት። የመጡ ቀን ሞተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ቁጭ አሉና መጠየቅ ጀመሩ፣ ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዱት፣ ወረፋው ሲበዛ በጄሪካን ትገዛላችሁ ወይ፣ ማታ ስታሳድሯት ታንኩ ሙሉ ነው ጎዶሎ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንዴ። ሁሉንም መለስንላቸው። ከዛ ቀጭን ነጭ ቱቦ አወጡ፣ በመሙያው በኩል እስከ ታች ሰደዱት፣ ከታንኩ ወለል ላይ ስበው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞሉ። ይሄን ማንም እንዳይነካው ጠዋት እንተያያለን ብለው ሄዱ። ያን ቀን ለድካማቸው ብንላቸው ገና ምን ሰራሁና አሉ።

ጠዋት ያንን ጠርሙስ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ከታች ሶስት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከሱ በላይ ጥቁር የሚያሟልጭ እንደ ጠላ አተላ ያለ ነገር፣ ከላይ ናፍጣ። ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርጉት አተላው አይፈስም እንደ ቆዳ ተያይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። የኔ ልጅ ሞተርሽ ደህና ነው የምታጠጪው ነው የታመመው አሉኝ።

ያስረዱኝን እኔም ላስረዳችሁ ምክንያቱም ይሄን ያወቀ ሰው ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። ታንኩ ጎዶሎ ሆኖ ሲያድር ባዶው ቦታ አየር ነው፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ብረቱ ላይ ላብ ይሆንና ይንጠባጠባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። በየቀኑ ጠብታ ጠብታ ነው በዓመታት ግን ይጠራቀማል። የኛ ደሞ ባሰበት፣ ወለሉ ላይ ያለው የመሙያ ክዳን ጎማው ተሰነጣጥቆ ኖሯል፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውሃ ይገባል። ውሃውና ናፍጣው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አይን የማያየው ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፣ እርጥበቱን ከውሃው ምግቡን ከናፍጣው እያገኘ፣ ያ ጥቁሩ አተላ እሱና ዝገት ተደባልቆ ነው። ሃይቁ ጸጥ ሲል ታች ተኝቶ ይውላል ማዕበል ሲንጠው ተነስቶ ሞተሩ ናፍጣ የሚስብበት መምጠጫ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ነው ከሰዓት ከሰዓት የምትታመመው! ስንት ወር ሙሉ ያልገባን ነገር።

ስራው አራት ቀን ፈጀ። አንደኛ ታንኩ ጋ መድረስ ራሱ አበሳ ነው፣ የድሮ ጀልባ ሲሰራ ታንኩ መጀመሪያ ይቀመጣል ከዛ ወለሉ ከላይ ይደፈናል፣ ማንም ተመልሶ ያየዋል ብሎ አላሰበም። የኋላውን አግዳሚ አነሱ፣ የወለሉን ሳንቃ ብሎን በብሎን ፈቱ፣ የዛገውን ብሎን ሁሉ ከቀን በፊት ዘይት አጠጥተው ነው ያሳደሩት አንድም አልሰበሩም። እያንዳንዱን ሳንቃ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት፣ ሲመለስ ቦታው እንዳይምታታ። ታንኩ ሲታይ የእጅ መግቢያ የሚባል የለውም፣ መሙያና መምጠጫ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ሰውየውን ያከበርኳቸው። ባትሪውን ነቀሉ። ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ ወደ በርሜል ቀዱ። አየር ማራገቢያ ከጀልባዋ ውጪ አስቀምጠው በረጅም ቱቦ ታንኩ ውስጥ ንፋስ ሲነፉበት ዋለ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያያዝም ግን ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይበልጥ ያስፈራል ትነቱ ነው የሚገድለው አሉ። ስልክ እንኳ ዳር ላይ አስቀመጡን። ግራይንደር አልነኩም፣ በእጅ በሚዞር ትራፓኖ በክብ ቅርጽ ቀዳዳ በቀዳዳ በሱት፣ ጫፉን ግሪስ እየቀቡ የብረቱ ብናኝ ግሪሱ ላይ እንዲያዝ፣ ከዛ በመጋዝ አገናኝተው በሞረድ አለሰለሱት። እጅ እስከ ትከሻ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ደሞ አንድ አይደለም ሶስት ነው የከፈቱት፣ ምክንያቱም ታንኩ ውስጥ ናፍጣው እንዳይናጥ ሁለት የላሜራ ግድግዳ አለው፣ አንዱን ክፍል ብቻ ከፍቶ ጸዳ የሚል ሰው ሁለቱን ክፍል ቆሻሻ ትቶ ነው የሚሄደው። በማግኔት የወደቀውን ብናኝ ሁሉ ለቀሙ።

ከዛ ተኝተው እጃቸውን አስገብተው በእንጨት መጥረጊያ ፋቁት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ በንጹህ ናፍጣ አጠቡት፣ እንደገና ፋቁት። ሁለት ባልዲ አተላ ወጣ!! እዛ ውስጥ ምን ተገኘ መሰላችሁ፣ የጄሪካን ክዳን ማሸጊያ ቁራጭ፣ እንደ ቅጠል የምታክል ስስ ፕላስቲክ። እሷ ናት አስር ደቂቃ የምታስቆመን፣ ሞተሩ ሲስብ መምጠጫው አፍ ላይ ትለጠፋለች፣ ሲጠፋ ትወድቃለች፣ ከዛ ሞተሩ ይነሳል። እዛ ሁሉ እናቶች ፊት ያስጨነቀችን ፕላስቲክ መዳፌ ላይ አድርገው ሰጡኝ፣ አሁንም አስቀምጫታለሁ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ስራ ሳይጀምሩ በፊት የጀልባዋን ታችኛ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ አጠፉና ማብሪያውን በፕላስተር አሸጉት፣ አንድ ጠብታ ናፍጣ ታች ቢፈስ ፓምፑ ሃይቅ ውስጥ ይተፋዋል ብለው። አተላውን በበርሜል አሽገው በባጃጅ አስጭነው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ሰዎች ወሰዱት፣ የባጃጁን ሂሳብ ራሳቸው ከፍለው። ከዚህ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ፣ በታንኳ ዓሣ የሚያወጣ አለ፣ እንቦጩ ያደረገው አይበቃም ወይ አሉ። እኔ ሃይቁ ዳር ተወልጄ እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሙያ በአይኔ አላየሁም።

መዝጊያውን በ4 ሚሊ ላሜራ ሰሩት፣ ጓርኒሲዮኑን (በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ናፍጣ የማይበላው ጎማ አደረጉት፣ ሲሊኮን ብቻ ቀብቶ መዝጋት ናፍጣ ያላላዋል ብለው እምቢ አሉ። ማፍሰሱን የፈተሹበት ደሞ ደስ ይላል፣ በወንድሜ የብስክሌት መንፊያ ትንሽ አየር ሞልተው በሳሙና አረፋ ዙሪያውን ቀቡት። ኮምፕሬሰር አለ ብንላቸው ኮምፕሬሰር ታንኩን ይነፋዋል ይሄ ይበቃል አሉ። መምጠጫውን ከወለሉ ሶስት ጣት ከፍ አደረጉት፣ ከሞተሩ በፊት ውሃ የሚለይ ስኒው የሚታይ ፊልትሮ ገጠሙ፣ የመሙያውን ክዳን ጎማ ቀየሩ። በርሜል ውስጥ የረጋውን ናፍጣ የላይ የላዩን ብቻ አጣርተው መለሱልን፣ አየሩን ከመስመሩ አስወጡ፣ ሞተሩ በሁለተኛው ተነሳ።

አንድም ነገር አልደበቁንም። ታችኛው ጥግ ላይ ዝገቱ ብረቱን በልቶታል ገና አልበሳውም ግን ይሄ ታንክ ዘላለም አይኖርም፣ በየዓመቱ ክፈቱና እዩት፣ እስከዛ ገንዘብ ያዙ ብለውናል። ፓምፕ ግዙ ከተባልነው ሂሳብ ጋር የሳቸው ዋጋ አይወዳደርም፣ የተረፈውን ብሎንና ጎማ እንኳ ቆጥረው ነው ያስረከቡን።

ከዛ ወዲህ ከሰዓት ማዕበል ላይ ዘጌ ስንት ጊዜ ተመላለስን፣ አንዴም አልጠፋችም። ማታ ማታ ታንኩን ሞልተን ነው የምናሳድረው ናፍጣ ከተገኘ፣ በጄሪካን ከሆነ ደሞ አሳድረን አጣርተን ነው የምንጨምረው። ወንድሜ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የፊልትሮዋን ስኒ ያያል፣ ውሃ ካለ ትንሽ ያፈስሳል በቆርቆሮ ተቀብሎ።

ጋሼ ይሄን ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም ፌስቡክ አይወዱም። እርስዎ ባይደርሱልን እኛ ፓምፕ ገዝተን እዛው ማዕበል ላይ ነበር የምንቆመው፣ ሰው ይዘን። እድሜና ጤና ይስጥልን፣ ልጆችዎን ይባርክልን።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አደራ ብለውኛል፣ ግን ስልካቸውን ለፈለገ ሰው ስጪ ብለውኛልና ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጎርጎራም ቢሆን ቀድሞ ከተነገራቸው ይሄዳሉ። ስትደውሉ ከሶስት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ቤተክርስቲያን ናቸው ስልክ አያነሱም።