ፔጆ 404 እና አዲሱ የፍሬን ሸራ፦ ዘጠኝ ወር ደንገጎን ስወጣና ስወርድ

ለድሬና ለሐረር ሰው ፔጆ 404ን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ፈረስ መጋላ ላይ ተደርድረው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ያላያቸው የለም። የኔዋን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ሞተሯ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፍሬኗ ነው። ባለፈው ክረምት ስለ እሱ ክፉኛ ተምሬያለሁና።

ቤተሰቤን ጭኜ ከሐረር ወደ ድሬ እየወረድኩ ነበር። ከድሬ በላይ ያለውን ደንገጎን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ኩርባው ሲደጋገም የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ እግሬን መልሶ ይገፋል፣ መኪናዋ ግን አልያዝ አለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና በእጅ ፍሬን እየረዳሁ ዳር አወጣኋት። ከፊት ጎማዎቹ ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር። ልጆቹን አውርጄ ጥላ ስር አርባ ደቂቃ ተቀመጥን።

ማታ ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ሸራው ከውስጥ የሚጫነውን ክብ ብረት፣ ስንፈታ ሸራው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጥፍሬን አሳረፍኩበት፣ ሙልጭ አለ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። የሸጠልኝ ሱቅ «ኦርጅናል ነው» ብሎኝ ነበር።

መካኒኬ ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር የሚሠራ፣ በ404 እጁ የተፍታታ ሽማግሌ ነው። የድሮዎቹን የሸራ ብረቶች አጽድቶ ጠንከር ያለ ሸራ በሪቬት መታባቸው። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት ልኮ አስተካከለ። የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ደፍቶ ቀየረው። ጨርሶ ቁልፉን ሲሰጠኝ ግቢው ውስጥ ልሞክረው ስል፣ «አቦ፣ እዚህ አትፈትነው። ደንገጎ አውርደውና መጥተህ ንገረኝ» አለኝ።

ልክ ነበር። ጥሩ ፍሬን ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው አንዴ ረግጠነው ቀጥ ሲል ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ አንዴ የማይዝ ፍሬን ግን ጥቂት ነው። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሰው የጫነች 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና 600 ሜትር ስትወርድ የምትለቀውን ጉልበት አስሉት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪናን 15 ጊዜ ያህል አከታትሎ ቀጥ ማድረግ ማለት ነው። ሞተሩና ነፋሱ የሚይዙት ድርሻ አለ። የቀረው ሁሉ ሸራውና ታምቡሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል።

የኔዋ በአራቱም ጎማ ታምቡር ናት። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ፔዳሉም እየራቀ ይሄዳል። ሸራው ራሱ ከአቅሙ በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል፤ እኔን ያገኘኝ ይሄ ነው። ሦስተኛው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲገባበት ግን 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። እግርህ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ትሄዳለች።

የእሽቅድድም መኪኖችም ያስቸገራቸው ይሄው ሙቀት ነው። ጃጓር ሲ ታይፕ በ1953 (እ.ኤ.አ.) የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው የደንሎፕን ዲስክ ፍሬን ይዛ ነው። ዲስክ አየር ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲግልም ከሸራው አይሸሽም። በ1955 ያው ውድድር ላይ የቀረበችው መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ገና ታምቡር ላይ ነበረች። እሱን ለማገዝ ከሹፌሩ ጀርባ እየተነሳ ነፋስ የሚይዝ ትልቅ ክዳን ሠሩላት። እኛ ደንገጎ ላይ ክዳን የለንም፣ ማርሽ አለን። 404 ራሷ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የሚባለውን የመኪና ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። አቅሟን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ እኛ የምንገጥምላት ነገር ነው።

ወደ ሸራው ልመለስ። እስካሁን 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼበታለሁ። ትልቁ ፈተና የታኅሣሥ 19 የቁልቢ ጉዞ ነበር። አምስት ሰው ከነስንቁ ጭነን ስንመለስ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። ቁልቁለቱን በሙሉ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቅን ወረድን። ለታምቡር ከዚህ የከፋ የለም፤ ትይዛለህ፣ ትለቃለህ፣ መልሰህ ትይዛለህ፣ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። እኔ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም። ታች ስንደርስ ፔዳሉ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ነበር። ግን ያዘ፣ ጭስም አልነበረም። ወርጄ እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ሙቀቱ ከስንዝር ርቀት ይጋረፋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ችግር የለውም አልልም። ጠንካራ ሸራ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰነፍ ነው። ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አቁሜ በእርምጃ ለካሁት፤ 34 እርምጃ። ትንሽ ካሞቅሁት በኋላ 28 ሆነ። ስለዚህ ጠዋት ከሳቢያን ስወጣ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቢታጠፍ ብዬ ርቀቴን እጠብቃለሁ። እግርም ይፈልጋል፤ ባለቤቴ ስትነዳት ፔዳሉ ከበዳት። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ወር ይጮህ ነበር። የሸራውን ጠርዝ በሞረድ ስንመታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ከዝናብ በኋላ ደግሞ ውሃ የቆመበት መንገድ አልፌ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች። ታምቡር ውስጥ የገባ ውሃ ቶሎ አይወጣም። ፔዳሉን ቀስ ብዬ እየተጫንኩ መቶ ሜትር ያህል ስነዳ ይደርቃል። ይሄ የሸራው ጥፋት አይደለም፣ የታምቡር ጠባይ ነው።

በፎሌ መውረድ የለመዳችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። የምትቆጥቡትን ቤንዚን ፍሬኑ ይከፍለዋል። የወጣሁበትን ማርሽ አስገብቼ እወርዳለሁ። ፍሬኑንም ጠበቅ አድርጌ ይዤ እለቀዋለሁ፣ እግሬን አስደግፌ አልወርድም። እግር ሲደገፍ ታምቡሩ የሚተነፍስበት ጊዜ አያገኝም።

ባለፈው ሳምንት ፈትተን አየነው። አምስት ሚሊ የነበረው የፊቱ ሸራ ወደ አራት ወርዷል፤ የኋላው ብዙም አልተነካም። የሸራው ገጽ እኩል ነው፣ አላብረቀረቀም፣ አልተሰነጠቀም። ዋጋው ሱቅ ከገዛሁት በግማሽ ያነሰ ነበር። ደግሜ እሱኑ አስመታለሁ። ዘይቱ ግን ወደ ቡና መልክ እየሄደ ነው። ለሐምሌ 19 ቁልቢ ስለምንወጣ፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ለማስቀየር መካኒኩን ቀጥሬዋለሁ።